አዲስ ስልክ እንደ አጋሰስ አይጫንም

ጎንደር የሲራራ ነጋዴ ከተማ ነበረች። የመተማው፣ የምጽዋውና የጎጃሙ መንገድ የሚገናኝባት፣ አጋሰስ የሚራገፍባትና መልሶ የሚጫንባት ከተማ። የዚያ ዘመን ነጋዴ ፊደል ባይቆጥር እንኳ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ጭነት ወግ አለው። ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ ያዘነብላል። ከልክ ካለፈ የበቅሎዋ ጀርባ ይገጠባል። ስንቁ ከሁሉ በታች ከተጫነ መንገድ ላይ ጦም ማደር ይመጣል። ስለዚህ ነጋዴው ሸክሙን ከመሬት ከማንሣቱ በፊት «መንገዱ ወዴት ነው? ስንት ቀን ያስኬዳል? ውኃ የሚገኘው የት ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

የእነዚያ ነጋዴዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ፒያሳ ላይ ስልክ ይሸጣሉ፤ ይጠግናሉ። እነርሱም «እንጫንልዎት?» ይላሉ። መንገዱ ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርኃ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ነበር። በክልላችን አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተዘግቶ የከረመው የሞባይል ኢንተርኔት ጎንደርን በመሳሰሉ አንዳንድ ከተሞች የተመለሰበት ሰሞን ነው። ከዳባት በላይ ካለ የደጋ ቀበሌ የሚኖሩት አጎቴ ለዓይናቸው ሕክምና ወርደው ከእኔ ዘንድ ተቀምጠው ነበር። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው «አባ፣ ፊትህን ልይበት» ብላ ገንዘብ ላከችላቸው። ታች ስልክ ልንገዛ አብረን ወጣን።

ቀፎው ተመረጠ። ዋጋው ተቆረጠ። ከዚያ ሻጩ ልጅ ስልኩን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀና ብሎ፣

«አባባ፣ አፕ እንጫንልዎት?» አላቸው።

«ምኑን ነው የምትጭነው ልጄ?»

«ሁሉንም! ሙሉ ፓኬጅ ነው።»

«ሁሉንም ከጫንከው ይሸከመዋል?»

ልጁ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። «ይችላል አባባ፣ አሪፍ ቀፎ ነው» አለ። አጎቴ ግን አልሣቁም። ዕድሜ ልካቸውን በቅሎ የጫኑ ሰው ናቸውና ጥያቄያቸው የምር ነበር። በዚያች ሱቅ ውስጥ በዚያች ሰዓት ስለ ስልክ የተጠየቀው ብቸኛ ቁም ነገርም እርሱ ነበር።

ልጁ ቀጠለ። «ጂሜይል አለዎት?» «ምኑ?» «ይተዉት፣ በእኔ አደርገዋለሁ።» አደረገውም። ኢሞ ሲከፈት የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥርም፣ የአጎቴ ሲም ካርድ ገና ከአሮጌው ስልክ አልወጣምና፣ በራሱ ቁጥር ተቀበለው። እኔ የተማርኩት የወንድም ልጅ፣ አጠገባቸው ቆሜ የራሴን ስልክ እጎረጉር ነበር። ቤት ገብተን አንድ በአንድ ስቆጥረው በዚያች ስልክ ላይ አርባ አንድ አፕ ተጭኗል። ስድስቱ ጌም ናቸው። ሁለቱ የእግር ኳስ መቆመሪያ ናቸው። አንዱ የእጅ ባትሪ ነው፤ ስልኩ ከፋብሪካው ሲወጣ የእጅ ባትሪ ይዞ መውጣቱ እየታወቀ! ፊትን የሚያነጣ አፕም ነበር። የሰባ ዓመት የወገራ ገበሬ ፊት ይነጣ ዘንድ!

ወሩ ሳይሞላ ስልኩ ሞላ። የቴሌግራሙ ቻናል ሁሉ ቪዲዮ በራሱ ጊዜ እያወረደ ሚሞሪውን ጨረሰው፤ ስልኩ መንቀራፈፍ፣ ከዚያም መቆም ጀመረ። አንድ የሠፈር ልጅ ሊረዳቸው ብሎ ፎርማት አደረገው። ስልኩ ሲነሣ «ቀድሞ የነበረውን አካውንት አስገባ» አለ። አካውንቱ የአጎቴ አይደለም። ባለ አካውንቱን ፍለጋ ወደ ሱቁ ሮጥን፤ ልጁ ሥራ ለቆ ከከተማው ወጥቷል፤ ቁጥሩም አይነሣም።

ቀኑን ልብ ይሏል። መስከረም 2017 አጋማሽ ላይ ነን። የእስራኤል የአየር ድብደባ ሊባኖስን ማመስ የጀመረበት፣ ቤይሩት የምትጨስበት፣ አሠሪዎቻቸው በር ዘግተውባቸው የሸሹ የኢትዮጵያ ልጆች መንገድ ላይ ያደሩበት ሳምንት ነው። የልጅቷ ቁጥር ከጥቂት ጊዜ በፊት ተለውጧል። አዲሱ ቁጥር ያለው እዚያው የተቆለፈው ስልክ ውስጥ፣ በሌላ ሰው አካውንት ነው። አጎቴ ወረቀት ላይ አላጻፉትም። እኔም አልጻፍሁትም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ አባት ቴሌቪዥን ላይ ጢስ እያዩ፣ ያንን ጥቁር መስተዋት በመዳፋቸው እየጠረጉ ተቀመጡ። በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ በሌላ ሰው ስልክ እኔን አገኘችኝ። በሕይወት አለች። የመጀመሪያ ቃሏ «አባ ምን ሆኖ ነው ስልኩን የዘጋብኝ?» የሚል ነበር።

እንግዲህ «አዲስ ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚጫኑ አሥር አፖች» እያሉ የሚዘረዝሩልንን ሰዎች የምጣላቸው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ዝርዝሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፎቶ ማሳመሪያ፣ አየር ሁኔታ ነጋሪ፣ ታክሲ መጥሪያ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ሰነድን ‹ደመና› ላይ ማስቀመጫ። ሰው ከባሕር ማዶ ለባሕር ማዶ ኑሮ የጻፈውን እኛ ሳንለካ እንለብሰዋለን። ታክሲ መጥሪያው አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ደባርቅ ላይ ማንን ይጠራል? ሰነድህን ደመና ላይ አስቀምጥ የሚለው ምክር መስመሩ ቀንና ሌሊት ክፍት ለሆነለት ሰው መልካም ነው። ኔቱ ሲጠፋ አብሮ ለሚጠፋበት የእኛ ሰው ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ነው።

«ሥጋትህ የተጋነነ ነው» የሚለኝ ካለ የቅርቡን ዘመን ብቻ ያስታውስ። በሰኔ 2011 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ከሰኔ 2012 ማብቂያ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ለሚያህል ጊዜ እንደገና ተቋረጠ። ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ከረሙ። ያ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ በክልላችን ከወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር የሞባይል ኢንተርኔቱ ጨርሶ ተዘጋ። ይህ እንግዲህ ተራራው የሚጋርደውን፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋውን ሳይጨምር ነው። ለእኛ መቋረጥ የተለመደ ወቅት ሆኗል፤ እንደ ክረምት። ክረምት እንደሚመጣ እያወቀ እንጨት የማይሰበስብ ገበሬ አለን?

እዚህ ላይ መንግሥትም ድርሻውን ይውሰድ። ‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025› የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። ከግንቦት 2015 ጀምሮ ነዳጅ በመላ አገሪቱ በዲጂታል መንገድ ብቻ ካልተከፈለ አይቀዳም ተባለ። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ 1284/2015 ተደነገገ። ሁሉም መልካም ነው እንበል። ግን በግንቦት «ገንዘብህን በስልክ ክፈል» ብሎ አዝዞ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ የዚያኑ ስልክ መስመር መቁረጥ ምን ይባላል? መንገዱን በዚህ በኩል ሂድ ብሎ ድልድዩን ማንሣት አይደለምን? ሰውን ወደ ስልክ የሚያስገባ መንግሥት መስመሩን የመጠበቅ ዕዳ አለበት። ያ ዕዳ ገና አልተከፈለም። ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ የየራሳችንን ጭነት በራሳችን መንገድ ልክ ከመጫን ሌላ ምርጫ የለንም።

ታዲያ መጀመሪያ ምን ይጫን? ሌላውን ነቅፎ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ የእኔን እናገራለሁ።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው አፕ አይደለም፤ ባለቤትነት ነው። ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? ጂሜይሉ የማን ነው? የይለፍ ቃሉን ማን ያውቀዋል? ዛሬ ቁጥርህ ቁጥር ብቻ አይደለም። ባንክህ የሚያውቅህ በእርሱ ነው፤ ቴሌብርህ እርሱ ነው፤ የማረጋገጫ መልእክቱ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው። ሲሙ በአጎትህ ልጅ ስም፣ አካውንቱ በሱቅ ልጅ ስም ከሆነ አንተ የገዛኸው መስተዋትና ባትሪ ነው፤ ስልኩ የሌላ ሰው ነው። «ይተዉት፣ በእኔ አደርገዋለሁ» የምትለዋን ቃል የሰማ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ቀፎውን ይቀበል። የመሬት ካርታህን በማታውቀው ሰው ስም ታወጣለህ? አታወጣም። ይኸም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ አካውንቱ በራስ ስም ይከፈት። ከአካውንቱ ጋር የሚያያዘው ቁጥር የራስ ወይም የታመነ ዘመድ ይሁን። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲመታ የሚወጣው የቀፎው መለያ ቁጥር ከቅርብ ሰዎች ስልክ ጋር በወረቀት ይጻፍ። አዎ፣ በወረቀት! ይህን ስል የሚሥቅብኝ ወጣት የእናቱን ቁጥር በቃሉ ይጥራልኝ፤ ከዚያ ይሣቅ።

ሁለተኛው ፊደል ነው። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ፣ የአቋቋሙ ምስክር በአታ ያለባት ጎንደር፣ ልጆቿ አማርኛን በላቲን ፊደል እየበታተኑ ሲጻጻፉ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። አባት የልጁን መልእክት ማንበብ አይችልም፤ አማርኛ ስለማያውቅ አይደለም፤ ዳዊት ይደግማል። መልእክቱ በባዕድ ፊደል ስለተጻፈ ነው።

በእርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የልጆቹ አልነበረም። አያና ብሩ ለፊደላችን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ከደከሙበት ዘመን አንሥቶ፣ ማሽን ሁሉ በሰው ፊደል ተሠርቶ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ መለያ አግኝቶ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። አጭር የጽሑፍ መልእክትም ቢሆን በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ይህ እውነት ነው። ግን ‹ሰላም› በእኛ ሦስት ሆሄ ነው፤ በእነርሱ አምስት። ዛሬ ደግሞ አብዛኛው ሰው በቴሌግራምና በኢሞ ስለሚጻጻፍ ይህ ምክንያት ጊዜው አልፎበታል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ በብዛት የሚገኘው የጉግል የመጻፊያ ሰሌዳ አማርኛን ያውቃል፤ ከቅንብሩ ገብቶ ቋንቋውን መጨመር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በአማርኛ የተነገረውን ሰምቶ ይጽፋል። ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ? የስልኩ ማውጫ ራሱ በአማርኛ ይሆናል፤ ሆሄውም እንደ ዓይን አቅም ይጎላል። ለዚህ ሁሉ የሚወርድ ነገር የለም፤ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ያ ልጅ አርባ አንድ አፕ ሲጭን ይህችን አንዲት ነገር አላደረገም። ለዓይን ሕክምና ለመጡ ሰው ሆሄ ማጉላት አላሰበም፤ ፊታቸውን ማንጣት ግን አስቧል!

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የባንክና የቴሌብር አፕ ጠቃሚ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከሕጋዊው የአፕ መደብር ብቻ ይውረድ። በቴሌግራም «አዲሱ የባንክ አፕ ይኸውላችሁ» ተብሎ የሚላክ ፋይል የሌባ ቁልፍ ነው። «ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ድምፅም እንዲሁ። የምስጢር ቁጥርህን የሚጠይቅህ ባንክ የለም፤ የሚጠይቅህ ዘራፊ ነው። ከአፑ እኩል ደግሞ ያለ ዳታ የሚሠሩት አጭር ቁጥሮች ይታወቁ። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ የሞባይል አገልግሎት በ*889# ይከፈታል፤ የድምፅ መስመር እስካለ ድረስ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ለገበሬው ደግሞ የግብርና መረጃ በድምፅ የሚሰጠው የ8028 መስመር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ለታች ስልክም ለተራ ቀፎም እኩል የሆነ። ስንቱ የስልክ ሱቅ ነው ይህን ለገበሬ የሚነግረው? የቁማሩን አፕ ግን ሳይጠየቅ ይጭንለታል።

አራተኛው ከሰው የሚያገናኘው ነው። አንድ በቂ ነው፤ ሁለት ቢበዛ። ኢሞ ይሁን፣ ዋትስአፕ ይሁን፣ ቴሌግራም ይሁን፣ የሚመረጠው ዘመዶችህ ያሉበት ነው። በራስህ ቁጥር ይከፈት። ቪዲዮ በራሱ ጊዜ እንዳያወርድ ቅንብሩ ይዘጋ፤ አፖቹም በዳታ ራሳቸውን እንዳያድሱ ይከልከሉ። በካርድ የሚሞላ ዳታ ከዘመድ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ ባልጠየቅኸው ቪዲዮ አያልቅብህ።

አምስተኛው ያለ መስመር የሚሠራው ነው፤ ዝርዝር ጸሐፊዎቹ ጨርሶ የማያውቁት። የኢትዮጵያ ዘመን መቁጠሪያ ይጫን፤ ስልኩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው መቁጠሪያ ጳጉሜን አያውቅም፤ ሰዓቱም ከእኛ ስድስት ሰዓት ይለያያል። «ቀጠሮዎ በሦስት ሰዓት ነው» የተባለ ሽማግሌ ስልኩ 3 ሲል ቢሄድ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ተራው አልፏል። መዝገበ ቃላት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ቁርኣን፣ የልጆች መማሪያ መጽሐፍ፣ አንዴ ከወረደ በኋላ መስመር አይጠይቅም። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ያለበት ቀፎ ከተገኘ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ያለ ዳታ መስማት ይቻላል። ካርታም እንዲሁ አስቀድሞ ይወርዳል።

ስለ ካርታው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ወደዚያ የሚመጣ ፈረንጅ አገሩ ሳለ ካርታውን ስልኩ ላይ ጭኖ ይመጣል። ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅን ያለ አንዳች መስመር እየተከተለ ይሄዳል። የእኛ ልጅ እዚያው ተወልዶ፣ ፈረንጁ የያዘው ካርታ ማንም ሊያርመው የሚችል ክፍት ካርታ መሆኑን፣ የቀበሌውን ስም በገዛ ፊደሉ ሊጽፍበት እንደሚችል የነገረው የለም። እኛ ካልጻፍነው ሌላ ሰው እንደሰማው ይጽፈዋል፤ ያኔ «ስማችንን አበላሹት» ብለን እንጮኻለን።

አምስቱ እነዚህ ናቸው። ከዚህ በኋላ ቦታ ከተረፈ ሰው የፈለገውን ይጫን፤ ጌሙንም፣ ዘፈኑንም።

አሁን ተከራካሪዎቼን ልስማ። «አንተ የሰውን ደስታ ትከለክላለህ፤ ደኻ መሣቅ አያምረውም ወይ?» የሚል አለ። ያምረዋል። ከቀን ሥራው የተመለሰ ወጣት ቲክቶክ አይቶ ቢሥቅ እኔ ምን አገባኝ? የእኔ ክርክር በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በሠርግም ቢሆን ከበሮው ከእንጀራው ቀድሞ አይጫንም።

ሌላው ደግሞ «የገጠር ሰው ታች ስልክ ለምኑ? ተራ ቀፎ ይበቃዋል» ይላል። ይህ ጨዋ መስሎ የቀረበ ንቀት ነው። የወገራ ገበሬ ልጁን ማየት፣ የእህል ዋጋ ማወቅ፣ የዘር ምክር መስማት ከፒያሳ ሰው ያነሰ አያስፈልገውም። እንዲያውም ከገበያም ከሐኪምም የራቀ እርሱ ነውና የበለጠ ያስፈልገዋል። ስልኩ አይበዛበትም፤ የበዛበት ጭነቱ ነው።

ሦስተኛው ክርክር የሚከብደው ነው። «የሱቅ ልጆቹ ምን አጠፉ? ጂሜይል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አገልግሎት ሰጡ እንጂ» ይላል። እውነት አለው። ያ ልጅ ክፉ አልነበረም። በቀን ስንት ሰው ያስተናግዳል፤ ለእያንዳንዱ አካውንት ከፍቶ የይለፍ ቃል አስጠንቶ ቢልክ ሱቁ ይዘጋል። ያስተማረውም የለም፤ ሌላ ልጅ ሲያደርግ አይቶ ነው የሚያደርገው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እጄን አነሣለሁ። የእኔ ነው። የእኛ ነው፤ አዲስ ስልክ ሲገዛ እንደ ምስክር አጠገቡ ቆመን የራሳችንን ስልክ የምንጎረጉር የተማርን ዘመዶች። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። በየዓመቱ የኮምፒዩተር ትምህርት ጨርሶ የሚወጣ ወጣት አለ። ቅዳሜ ገበያ በር ላይ አንድ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ከገጠር የወረደውን ሰው አካውንት በስሙ የሚከፍት፣ ማውጫውን አማርኛ የሚያደርግ፣ የማያስፈልገውን የሚያራግፍ ቢኖር፣ ተገቢ ዋጋውን ቢጠይቅ፣ ማን ይነፍገዋል? ሥራ የለም የሚለው ወጣት ይህ ሥራ ፊቱ ቆሟል። ሱቆቹም ቢሆኑ «አፕ እንጫንልዎት?» ከማለታቸው በፊት «ስልኩን የት ነው የሚጠቀሙበት? ማንን ነው የሚያገኙበት?» ብለው ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

ነጻ ነው የሚባለውም ነጻ እንዳልሆነ ይነገር። የእጅ ባትሪ የሚሆን አፕ የስልክ ማውጫህን፣ ፎቶህን፣ ያለህበትን ቦታ ልይ ብሎ የሚጠይቅህ ለምንድን ነው? መብራት ለማብራት የወዳጆችህ ስም ምን ያደርግለታል? ሰዉ በየካቲት 2015 እገዳ ጊዜ የጫናቸው ነጻ ቪፒኤኖችም ነገር እንዲሁ ነው፤ የምትልከው የምትቀበለው ሁሉ በማን በኩል እንደሚያልፍ ሳታውቅ መጋረጃ አለኝ ማለት በሰው መስኮት ውስጥ መደበቅ ነው። የማያስፈልግ ጭነት ጀርባ ከመግጠቡ ሌላ፣ ሌባም ይሸከማል።

አጎቴ አሁን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ያ የተቆለፈ ስልክ በብዙ መከራ ተከፍቶ እንደገና ተጭኗል፤ በዚህኛው ጊዜ እኔው ነኝ የጫንሁት። ሰባት አፕ አለው። አካውንቱ በስማቸው ነው። ማውጫው አማርኛ ነው፤ ሆሄው የዳዊታቸውን ሆሄ ያክላል። የምስጢር ቁጥሩን በቃላቸው ይዘውታል፤ ለእኔም አልነገሩኝም፤ ደግ አደረጉ። የልጃቸው ቁጥር፣ የእኔ ቁጥር፣ የአካውንቱ ስምና የቀፎው መለያ በትልልቅ ሆሄ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ተጽፎ በዳዊቱ ማኅደር ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

ሲሄዱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው እንደ ዕቃ በመዳፋቸው መዘኑትና፣

«አሁን ቀለል ብሏል» አሉኝ።